ባለቤት የለም

የእህቴ ባል አንድ ማክሰኞ ጠዋት በገዛ አፉ ከቤቱ ጠፋ። ወጥቶ አልሄደም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ነበር። ግን ጠፋ፤ መጥፋቱም በቅጽ ላይ ተሞላ። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል። እሱ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል፤ የራሱ ግን ቀድሞ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩ ማንም አያምነኝም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቆቻችን ጎን ለጎን ናቸው፣ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነው። እሱ ሞረዱን በገፋ ቁጥር እኔን ጥርሴን ያጠርሰኛል። ሚስቱ ታላቅ እህቴ ናት፣ እታለም ነው የምላት። ይህን ሰው ስታገባ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ብጠየቅ ኖሮ የምለው አላጣም ነበር።

በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ስለዚህ» ነው የሚለው። ይህ ቅጽል ስም የመጣው ከአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ቁልፉ የጠፋበትን ሳጥን አምጥቶ «ክፈትልኝ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የእህቴ ባል ዓመት ከጠበቀ በኋላ ሳጥኑን ከፈተው። ውስጡ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ ሽፋን የለው፣ የጸሐፊ ስም የለው፣ ከፊቱም ከኋላውም ገጹ ተቀዶ ያለቀ። ስለ አመክንዮ ነው የሚያወራው። «ሁሉም ሀ፣ ለ ከሆነ፤ ይህ ደግሞ ሀ ከሆነ» እያለ የሚሄድ፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው የሚታዘዝ ዓይነት ነው። የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሰው በእርግጠኝነት ሊያውቀው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ»። ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ለስኳር መጠቅለያ ለባለ ሱቁ ይሰጠው ነበር። እሱ ግን የተቀደደውን መጨረሻ ሲፈልግ ዕድሜውን ጨረሰ። አጠገቡ የደረሰ ሁሉ አብሮ እንዲፈልግ ይገደዳል። የሚፈልገው ደግሞ በቀልድ ነው።

«እንዴት አደርክ?» ትለዋለህ፣ እንደ ሰው።

«አለሁ» ይልሃል። እዚያ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። «መኖሬን በምን አወቅሁ አትለኝም? የሌለ ሰው አይቸገርም። እኔ ደግሞ ከነጋ ጀምሮ ተቸግሬአለሁ። ስለዚህ አለሁ።»

ወረፋ ሲረዝም ደግሞ ቀና ብሎ «ሰው ሁሉ ይሞታል» ይላል። ሰዉ ክፉ ነገር የሰማ መስሎት ዝም ሲል፣ «እናንተም ሰው ናችሁ። ስለዚህ አትጋፉ፣ ሁላችሁም ይደርሳችኋል» ይላል።

ሱቁ በር ላይ በእጁ የጻፈው ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ቁልፍ የጠፋበት ይምጣ። ያልጠፋበትም ይምጣ፤ ይጠፋበታል።» ከሥሩ «ማንኛውንም ዓይነት ቁልፍ እንሠራለን» ይላል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የባሏን ሸሚዝ ይዛ መጣችበት። ከደረቱ ላይ ቁልፍ ወድቋል። ጉዳዩ የሚመለከተው እኔን ልብስ ሰፊውን ነው፣ እኔም ሁለት ክንድ እልፍ ብዬ ተቀምጫለሁ። እሱ ግን ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየና «ማንኛውንም ብያለሁ፤ ሸሚዙ ቁልፍ ጠፍቶበታል፤ ስለዚህ ቁጭ በይ» አላት። ከእኔ መርፌ ተዋሰ፣ ክር ተዋሰ፣ ቁልፉንም ተዋሰ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲተክለው ዋለ። ሴትየዋ ስትሄድ «አየህ፣ ከቃሌ አልወጣሁም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከቃሉ አልወጣም። የእኔ መርፌ ግን እንደወጣች ቀረች።

ማዶ ያለው ሰዓት ጠጋኝ አንድ ቀን ተናዶ «አንተ ውሸታም» አለው።

«ልክ ነህ፣ ውሸታም ነኝ» አለ የእህቴ ባል። «አሁን ያልኩት እውነት ከሆነ እውነት ተናግሬአለሁ፣ ስለዚህ ውሸታም አይደለሁም። ውሸት ከሆነ ደግሞ ውሸታም አይደለሁም ማለት ነው። በሁለቱም ንጹሕ ነኝ።»

ሰዓት ጠጋኙ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳው። ሰፈሩ ግን ይስቃል፣ አንዳንዱ ቁልፉ ሳይጠፋበት ለወሬው ብቻ ይመጣል። እኔም ፊቴን ወደ ልብስ ስፌት መኪናዬ አዙሬ የሳቅሁባቸው ቀናት አሉ፤ ይህን እሱ ባይሰማ ደስ ይለኛል።

የማትስቀው እታለም ብቻ ናት። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን ስቃለት አታውቅም። ቀልዱን ጨርሶ አፍ አፏን ሲያያት «ሽንኩርት አልቋል» ትለዋለች። እሷ ውሸት የሚባል ነገር በአፏ አይዞርም፤ ለልጅ ማባበያ እንኳ አትዋሽም። ቀልድም ለእሷ የውሸት የአጎት ልጅ ነው። እሱም ተስፋ አይቆርጥም፣ በማግሥቱ ሌላ ይዞላት ይገባል።

የሚኖሩት በቤቶች ቢሮ ኪራይ ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ቁጥር አሥራ አራት፣ ሁለት ክፍል፣ ምድር ላይ ያለ። የእህቴ ጉልበት ደረጃ ስለማይወጣ ምድር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በበሩ መቃን ላይ ልጃቸው ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው ቁመት በሞረድ ተጭሯል። ልጅቱ አሁን ሌላ ከተማ ታስተምራለች። እህቴ መቃኑን ስትወለውል ጭረቶቹ ጋ ስትደርስ እጇ ይዘገያል።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ። እህቴ ገበያ ነበረች። የቢሮው ተቆጣጣሪ፣ ቅጽ በሰሌዳ ላይ አጣብቃ የምትዞር ወጣት ሴት፣ በሩን አንኳኳችና «ባለቤት አለ?» አለች።

የእህቴ ባል እግሩን ከውኃው ላለማውጣት ከተቀመጠበት «የለም» አለ።

«የሚናገረው ማነው ታዲያ?»

«ነዋሪ ነው። ቤቱ የመንግሥት ነው። በመንግሥት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነዋሪ እንጂ ባለቤት አይባልም። ስለዚህ ባለቤት የለም።»

በሩ ማዶ ሆና ቅጿን አየች። ቅጹ ላይ «ባለቤት» ከሚለው ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ «አለ»፣ አንዱ «የለም»። ነዋሪ የሚል ሳጥን የለም።

«ቃልዎ ነው?» አለች።

«ቃሌ ነው።»

አመስግናው ሄደች። እሱ ሱቅ መጥቶ ሲነግረኝ ሳቁ አላስጨርሰው አለ፣ ሻዩን ሸሚዙ ላይ ደፋው። «ምንም አልመለሰችልኝም እኮ» ይላል። እኔ ያን ጊዜ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬዋለሁ። ምስክሬ ሰዓት ጠጋኙ ነው።

በአሥረኛው ቀን በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። «ቤት ቁጥር አሥራ አራት ባለቤት የሌለው መሆኑ ከቤቱ ውስጥ በተሰጠ ቃል ስለተረጋገጠ፣ ቁልፉ ተቀይሮ ለተረኛ ይሰጣል» ይላል።

የኪራይ ውሉን ይዘን ቢሮ ሄድን፣ እሱና እኔ። የመስኮቱ ሰውዬ ፋይሉን አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ቤቱ ባለቤት የለውም ይላል።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለ የእህቴ ባል። «ውሉ ይኸው።»

«የለም ያለውስ ማነው?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ እርስዎ እያሉ የለም ብለዋል።»

«ቀልድ ነበር።»

«ቀልድ የሚል ሳጥን የለንም» አለ ሰውዬው፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት። «እውነት ነው ውሸት?»

የእህቴ ባል ጥቂት አሰበ። «እንግዲህ… ውሸት።»

«ለቢሮ ውሸት የተናገረ ሰው ቃል አይያዝም፣ ደንብ ነው። ስለዚህ አሁን ባለቤቱ እኔ ነኝ ያሉትም አይያዝልዎትም። የለም ያሉት እውነት ነበር ካሉኝ ደግሞ፣ ባለቤት የለም።» ፋይሉን ዘጋ። «ቀጣይ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ በንዴት ጆሮዬ ጋለ። ደረጃው ላይ ዞር ብዬ ሳየው ግን የእህቴ ባል ፊት በርቷል፤ ሽልማት የተቀበለ ተማሪ ነው የሚመስለው።

«ሰማኸው?» አለኝ። «ሁለቱንም በር ዘጋብኝ። መጽሐፉ ውስጥ እንኳ እንዲህ ጥርት ያለ የለም። የእኔን ቀልድ መልሶ ለእኔ፣ ያውም ቀልድ መሆኑን ሳያውቀው።»

«የተዘጋው የቤትህ በር ነው» አልኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያን ቀን አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ እታለም ሰሃኖቹን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። እሱ ቆሞ የመስኮቱን ሰውዬ ነገር ከነድምፁ አወራላት። ጨርሶ እንደ ልማዱ አፍ አፏን አያት። ሽንኩርት አልቋል የምትል መስሎኝ ነበር።

«መጋረጃውን አውርድልኝ» አለችው። «ጉልበቴ ወንበር ላይ አያወጣኝም።»

«እንዴ፣ እስኪ ቆይ…»

«ሃያ ስድስት ዓመት አንተ ስትቀልድ የምሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንዳችን መያዝ ነበረብን። አሁን ደከመኝ።»

ወንበር ላይ ወጥቶ መጋረጃውን አወረደ። ከዚያ መጋረጃውን እንደታቀፈ ወንበሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ያዘንኩት ለእሷ ይሁን ለእሱ እኔም አላወቅሁም። በማግሥቱ ሱቁን ከፈተ፣ ቁልፍ ሞረደ፣ ደንበኛ «እንዴት አደርክ?» ሲለው «ደህና» አለ። ደህና ብሎ ዝም። ሰዓት ጠጋኙ እንኳ ደንግጦ መንገድ ተሻግሮ መጣ፤ «ታሟል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ሐሙስ ዕለት የቢሮው ተላላኪ ወረቀት ይዞለት መጣ። እዚህ ላይ አንድ የዘለልኩት ነገር አለ። ቢሮው ባለቤት የሌለው ቤት ባገኘ ቁጥር ቁልፉን የሚያስቀይረው በማን ይመስላችኋል? በእሱ። ዓመታት ሠርቶላቸዋል። ወረቀቱ «ለቁልፍ ሠሪው፤ ቤት ቁጥር አሥራ አራት፤ ባለቤት የለውም፤ ነገ ከምሳ በኋላ ቁልፉ ይቀየር» ይላል።

«አትሂድ» አልኩት። «በቃ፣ እምቢ በል።»

«እኔ ካልሄድኩ ሌላ ይልካሉ። ሌላው በመዶሻ ነው የሚሠራው፣ መቃኑን ይሰብረዋል።»

ቢሮው እንደ ቁልፍ ሠሪ ያውቀዋል፣ ይተማመንበታል፣ ሥራ ይሰጠዋል። እንደ ነዋሪ ግን የለም። ይህን ስነግረው «ስለዚህ» የሚል መስሎኝ ጠበቅሁት፤ አላለም።

ለእኔ ግን አንድ ተስፋ ታየኝ። ቁልፍ ከመቀየሩ በፊት ተቆጣጣሪዋ ለመጨረሻ ጊዜ አንኳኩታ መጠየቅ አለባት፤ ከቤቱ ውስጥ የተሰጠ ቃል ብቻ ይመዘገባል። ከውጭ የተነገረ አይቆጠርም። አርብ ጠዋት ሮጬ እህቴ ዘንድ ሄድኩ።

«እታለም፣ ባለቤት አለ ስትልሽ ከውስጥ ‹አለ› በያት። አንድ ቃል ናት። በቃ፣ ቤቱ ይተርፋል።»

«ውሉ በማን ስም ነው?» አለች።

«በእሱ።»

«ያን ጊዜ እሱ የት ነው የሚሆነው?»

አሰብኩት። እሱ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ውጭ፣ በሩ ላይ፣ መሰርሰሪያ ይዞ ነው የሚሆነው።

«ውጭ» አልኩ።

«ውጭ ያለን ሰው ውስጥ አለ ብዬ እንድዋሽ ነው የምትፈልገው?»

«ለቤትሽ ስትይ አንዴ ብትዋሺ ምን አለበት?»

«እዚህ ያደረሰን ያልሆነውን መናገር አይደል?» አለችኝና ወደ ሰሃኖቿ ዞረች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚሉት ለካ እውነት ነው፤ አንዱ በቀልድ፣ አንዷ በእውነት አንጀት ያቃጥላሉ።

ከምሳ በኋላ የመሣሪያ ቦርሳውን ተሸክሜለት አብሬው ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ ቀድማን ደርሳለች። ያን ማክሰኞ የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው፣ ፊቱን አታውቀውም።

«ቁልፍ ሠሪው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አለ።

«ዝግጁ ነዎት?»

መሰርሰሪያውን ከቦርሳው አወጣ። የጫፉን ብረት ሁለት ጊዜ አጠበቀው። ሃያ ስድስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሲያጠብቅ አይቼው አላውቅም። ቢናገርም ቃሉ አይያዝም፣ ውጭም ነው የቆመው። ዓይኑ መቃኑ ላይ ነበር፣ ልጅቱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የጫረው ጭረት አካባቢ።

ተቆጣጣሪዋ አንኳኳች። «ባለቤት አለ?»

ዝም።

ዳግመኛ አንኳኳች። «ባለቤት አለ?»

ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ያቺ ጉልበት ቀስ ብላ ስትነሳ። ተቆጣጣሪዋ ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኩታ እስክሪብቶዋን «የለም» ወደሚለው ሳጥን አስጠጋች።

«ባለቤት አለ?»

«የማን?» አለ የእህቴ ድምፅ።

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እንዴት የማን?»

«የማን ባለቤት ነው የምትጠይቂው?»

«የቤቱ ነዋ።»

«የቤቱማ መንግሥት ነው፤ ባለፈው ተነግሮሻል» አለች እታለም። ከዚያ በሩን ከፈተችው። ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጇ በጋዜጣ ቀለም ጠቁሯል። «የእኔን ባለቤት ከሆነ የምትጠይቂው፣ ይኸው አጠገብሽ ቆሟል፤ መሰርሰሪያ ይዟል። የእሱን ባለቤት ከሆነ የምትጠይቂው፣ እኔ ነኝ። ከቤት ውስጥ ነው የምናገረው፣ እግሬን ተመልከቺ። አንድም ውሸት የለበትም። ጻፊ።»

ተቆጣጣሪዋ የእህቴን እግር አየች። ከደጃፉ ወዲያ፣ ውስጥ ነው። ቅጹን አየች። ቅጹ ላይ «ባለቤት» ይላል እንጂ የማን እንደሆነ አይልም። ወደ ቁልፍ ሠሪው ዞረች። «ባለቤቷ ነዎት?»

«ነኝ» አለ፣ መሰርሰሪያውን መሬት አስቀምጦ።

እሷም ሥራዋን አክባሪ ሰው ናት፣ አልፈርድባትም። «አለ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ከሥሩ ባለው ባዶ መስመር ላይ «ሁለት ባለቤት አለ፤ አንዱ ውጭ፣ አንዷ ውስጥ» ብላ ጻፈች፤ ጮክ ብላ አንብባልን እህቴን አስፈረመቻት። ቁልፉ ግን ይቀየራል። ቀድሞ የታዘዘ ነው፤ ትእዛዙን የሚሽር ሌላ ወረቀት አልመጣም። እናም የእህቴ ባል የገዛ ቤቱን ቁልፍ ፈትቶ አዲስ ገጠመ። ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ጋር ሰዓት የፈጀው ሰውዬ ይህን በአሥር ደቂቃ ጨረሰ፣ መቃኑን አንድ ቦታ እንኳ ሳይነካ። ቅጹ «ባለቤት ካለ አዲሱ ቁልፍ ለባለቤት ይሰጥ» ይላልና ለእህቴ ሰጣት።

ተቆጣጣሪዋ ሄደች። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቀልድ ከእሷ አፍ መጣ፣ እሱ ግን አልሳቀም። እንባው በሞረድ ብናኝ በጠቆረ ጉንጩ ላይ መንገድ ሠርቶ ወረደ።

እታለም ፊቱን አየችው። ትንሽ አየችውና «ስለዚህ?» አለችው።

አፉን ከፈተ። ምንም አልመጣለትም። ያን ጊዜ ነው እህቴ የሳቀችው። ሽርጧን አፏ ላይ ይዛ፣ የታመመ ጉልበቷ እስኪከዳት፣ መቃኑን ተደግፋ ሳቀች። ሳቋ እንዲህ ቀጭን መሆኑን እኔ ወንድሟ ረስቼው ነበር።

«ስለዚህ ልግባ?» አላት በመጨረሻ።

«ግባ» አለችው። «መጋረጃውን ስቀልልኝ።»

አሁን ወደ ቀልዱ ተመልሷል፣ እኔም ወደ ብስጭቴ። ያን መጽሐፍ ግን ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ቆልፎበታል፤ መጨረሻውን ከእንግዲህ እንደማይፈልገው ነግሮኛል። አንድ ሌላ ነገርም ተለውጧል። ሥራ ዘግተን አብረን ስንመለስ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ የሠራውም እሱ ራሱ ሆኖ፣ ከፍቶ አይገባም። እኔን ብርድ ላይ አቁሞ ያንኳኳል።

«ባለቤት አለ?» ይላል።

«የማን?» ትላለች እህቴ ከውስጥ።

«የእኔ» ይላል።